ብርሃን፥ ሙቀትና ውርጭ በዳባትና በሰሜን ተራራ ግርጌ አዝመራ ላይ ስላላቸው ሥልጣን

ለአገር አስተዳዳሪዎች፥ ለመሬት ባለ ይዞታዎችና ለወረዳ ሹማምንት የቀረበ

ስለ እህል ማማርና መክፋት በተነገረ ጊዜ ሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው የመሬቱ ነገር ነው። ይህ ሜዳ ጥቁር ነው፥ ያኛው ቀይ ነው፤ ይህ ፍግ ጠግቦአል፥ ያኛው ደክሞአል ይባላል። ይህም እውነት ነው። ነገር ግን መሬቱ ያው፥ ዘሩም ያው፥ አራሹም ያው ሆኖ ሳለ፥ በአንዱ ዓመት ጎተራ የሞላው አዝመራ በሌላው ዓመት ገለባ ብቻ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ በተመረመረ ጊዜ ከአፈሩ በላይ ያሉ ነገሮች ይገኛሉ። እነዚህም የፀሐይ ብርሃን፥ የቀኑ ርዝመት፥ የአየሩ ሙቀትና ብርድ፥ የዝናሙም አወራረድ ናቸው። ሰው እነዚህን ሊያዝዝባቸው አይችልም፤ ነገር ግን ጠባያቸውን አውቆ ዘሩን፥ ቀኑንና ቦታውን ከእነርሱ ጋራ ሊያስማማ ይችላል።

ይህን ጽሑፍ ለአስተዳዳሪዎች ማቅረብ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጥ ነው። ገበሬ በሚያርሰው እርሻ ላይ ቢሳሳት የሚጐዳው አንድ ቤት ነው። ሹም ግን ለአንድ ወረዳ ሁሉ አንድ ዓይነት ዘር ቢያድል፥ ወይም ለሁሉ አንድ የመዝሪያ ቀን ቢወስን፥ ስሕተቱ በሺህ በሚቈጠሩ ቤቶች ላይ ይወድቃል። ይህም ከሌላው አገር ይልቅ በዳባት፥ በደባርቅና በአካባቢያቸው የከፋ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ አገር የአየሩ ጠባይ በጥቂት ሰዓት መንገድ ውስጥ ፈጽሞ ይለወጣል።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፥ ወራቱና ቀኖቹ ግን እንደ አገራችን አቆጣጠር ናቸው።)

የአገሩ አቀማመጥ

የዳባት ከተማ ከጎንደር ወደ ሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,600 ሜትር ከፍታ ገደማ ትገኛለች። ደባርቅ ከዚያ አልፎ፥ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ከ2,800 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ይገኛል። ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው ወደ ሰሜን ተራሮች ይወጣል፤ ከእነዚህም ውስጥ ራስ ደጀን 4,550 ሜትር ይደርሳል። ከደባርቅ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ግን የልማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ይዞ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል፤ ቁልቁለቱም ከ1,500 ሜትር የሚያንስ አይደለም።

አየሩ በየ100 ሜትሩ ከፍታ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ዛሪማ የሚወርድ መንገደኛ በዚያው ቀን 9 ዲግሪ የሚያህል የሙቀት ልዩነት ያገኛል። በላይ ገብስ፥ ባቄላና ድንች አይቶ የተነሣ፥ በመካከል ጤፍና ኑግ፥ በታች ደግሞ ማሽላና ሰሊጥ ያገኛል። አባቶቻችን ቆላ፥ ወይና ደጋ፥ ደጋና ውርጭ ብለው አገሩን የከፈሉት ይህን በዓይናቸው አይተው ነው። በዳባት ወረዳ ብቻ እንኳ ቆላም ወይና ደጋም ደጋም ስላለ፥ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ለሁሉ አንድ ቃል መናገር ከባድ ነገር ነው።

ብርሃን የእህል ምግብ መሥሪያ ስለ መሆኑ

ብዙ ሰዎች ተክል የሚበላው አፈር ነው ብለው ያስባሉ። በ1648 የታተመው የቫን ሄልሞንት መጽሐፍ ይህን አሳብ የሚያናጋ ነገር አመጣ። ይህ የቤልጅግ አገር ሐኪም አንዲት የአኻያ ችግኝ በተመዘነ አፈር ላይ ተክሎ አምስት ዓመት ሙሉ ውኃ ብቻ አጠጣት። በመጨረሻ ዛፏ 75 ኪሎ ያህል ጨምራ ስትገኝ፥ አፈሩ የጐደለው 60 ግራም ያህል ብቻ ነበረ። እርሱ ሁሉም ከውኃ የመጣ መስሎት ነበር። በ1779 ግን ኢንገንሁዝ የተባለው የሆላንድ ሐኪም አረንጓዴ ቅጠል አየርን የሚያድሰው በፀሐይ ብርሃን ሲሆን ብቻ እንደ ሆነ፥ በጨለማ ግን ይህን ሥራ እንደሚተው አሳየ። ከዚያም በኋላ የመጡት ሊቃውንት ነገሩን ፈጸሙት፤ ይኸውም ቅጠል ከአየር የካርቦን ጋዝን፥ ከሥር ውኃን ተቀብሎ በብርሃን ኃይል ስኳርና ስታርች ይሠራል ማለት ነው። ከደረቀ ተክል ክብደት ከመቶ 90 እጅ የሚበልጠው ከአየርና ከውኃ የመጣ ነው፤ ከአፈር የሚመጣው ጥቂት ቢሆንም ያለ እርሱ ሥራው አይፈጸምም።

እንግዲህ በእርሻ ላይ የሚወርደው ብርሃን እንደ ፍግና እንደ ዝናም ሁሉ ሀብት ነው። በክረምት ወራት፥ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ፥ የሰሜን ግርጌ በደመናና በጉም ስለሚሸፈን የብርሃኑ መጠን ያንሳል። በዚህ ጊዜ ያለው አዝመራ በአረም ከታፈነ ጥቂቱን ብርሃን አረሙ ይወስድበታል። ስለዚህ በሐምሌ የታረመ እርሻና ሳይታረም የቆየ እርሻ ልዩነታቸው የብርሃን ጭምር ነው።

ሌላም ነገር አለ። ተክል በሌላ ተክል ጥላ ሥር መሆኑን ያውቃል። ቅጠል ቀዩን ብርሃን ወስዶ ለዓይን የማይታየውን ከቀይ ያለፈውን ብርሃን ስለሚያሳልፍ፥ በሥሩ ያለው ተክል የሁለቱን ሚዛን ለይቶ ከጥላው ለመውጣት ወደ ላይ ይመዘዛል። በአሜሪካ በቤልትስቪል የእርሻ ምርምር ጣቢያ የነበሩ ሊቃውንት የዚህን ነገር መሠረት በ1952 በሰላጣ ዘር ላይ አገኙ። ጤፍ እጅግ ጠቅጥቆ የተዘራ እንደ ሆነ አገዳው ቀጥኖ የሚረዝመውና ነፋስ በመጣ ጊዜ የሚጋሸበው አንደኛው ምክንያት ይህ ነው። የጤፍ ፍሬ በ1 ግራም ውስጥ ከ2,500 እስከ 3,000 ስለሚደርስ፥ እጅ ትንሽ የላላ እንደ ሆነ ብዛቱ ከመጠን ያልፋል።

የአረምም ዘር እንዲሁ ብርሃንን ይጠብቃል። ከብዙ አረም ውስጥ ዘሩ በአፈር ተቀብሮ ዓመታት የሚቆይ፥ ማረሻ ገልብጦ ለጥቂት ጊዜ ብርሃን ባሳየው ጊዜ ግን የሚነቃ አለ። ገበሬ መሬቱን ደጋግሞ የሚያርሰው፥ በፊተኛው እርሻ የነቃውን አረም በኋለኛው እርሻ ሊገድለው ነው። የበሬ እጥረት ያለበት ቤት አንድ እርሻ ባስቀረ ጊዜ የሚጐዳው አፈሩ ሳይለሰልስ በመቅረቱ ብቻ ሳይሆን፥ የነቃው አረም ሳይሞት ከዘሩ ጋራ አብሮ በማደጉ ነው።

የቀን ርዝመት ለተክል ሰዓት ስለ መሆኑ

ዳባት ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 13 ዲግሪ ያህል ርቃ ትገኛለች። ስለዚህ በዚያ ከሁሉ የሚረዝመው ቀን በሰኔ አጋማሽ 12 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ያህል ሲሆን፥ ከሁሉ የሚያጥረው በታኅሣሥ አጋማሽ 11 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ያህል ነው። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ስለ ሆነ ለሰው እምብዛም አይታወቅም፤ ለተክል ግን ታላቅ ምልክት ነው።

ይህን ያስረዱት ጋርነርና አላርድ የሚባሉ የአሜሪካ እርሻ መሥሪያ ቤት ሊቃውንት ናቸው። በዋሺንግተን አጠገብ የተከሉት አንድ ዓይነት ትምባሆ በበጋው ሁሉ እያደገ አላብብም አላቸው። ከቀኑ የተወሰነውን ሰዓት በጨለማ ቤት ውስጥ እያስገቡ ቀኑን ባሳጠሩበት ጊዜ ግን አበበ። በ1920 ባወጡት ጽሑፍ ብዙ ተክሎች የሚያብቡበትን ጊዜ በቀንና በሌሊት ርዝመት እየለኩ እንደሚያውቁ ገለጡ።

ከአገራችን እህሎች ኑግ፥ ጤፍና ብዙው የማሽላ ዓይነት ቀኑ ሲያጥር ወደ አበባ የሚፈጥኑ ናቸው። ስለዚህ ኑግ በመስከረም ሜዳውን ቢጫ ያለብሰዋል። እነዚህ እህሎች እጅግ ዘግይተው የተዘሩ እንደ ሆነ፥ ቀኑ እያጠረ ስለ ሆነ፥ ቁመታቸው ሳይሞላ ወደ አበባ ይቸኩላሉ፤ ፍሬያቸውም ያንሳል። በዘገየው ፈንታ ቆይቶ ያድጋል ብሎ ተስፋ ማድረግ ከንቱ ነው።

ገብስና ስንዴ ግን የዚህ ተቃራኒ ናቸው፤ በረዥም ቀን ወደ አበባ ይፈጥናሉ። በሰሜን አውሮፓ በበጋ ቀኑ 16 ሰዓትና ከዚያም በላይ ስለ ሆነ፥ የዚያ አገር ዘር ይህን ይጠብቃል። የእኛ አገር ገብስ ግን በ12 እና በ13 ሰዓት ቀን ራሱን ሊያወጣ ከብዙ ሺህ ዘመን ጀምሮ የተለማመደ ነው። ከዚህም ሌላ የአውሮፓ የክረምት ስንዴ አስቀድሞ ለብዙ ሳምንታት ጽኑ ብርድ ካላገኘ ወደ ራስ አያልፍም፤ በእኛ አገር የተዘራ እንደ ሆነ ቅጠሉን አብዝቶ ያለ ፍሬ ይቀራል። ስለዚህ የውጭ ዘር በማሸጊያው ላይ የተጻፈለት ምርት ከፍ ያለ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ በየትኛው የቀን ርዝመትና በምን ያህል ብርድ እንደ ተገኘ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ድንችም ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ ነው። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ሺምፐር የተባለው የጀርመን የዕፅዋት ሊቅ በ1858 እንደ ሆነ ይነገራል፤ ይህም ሰው በትግሬና በሰሜን ብዙ ዘመን ተቀምጦ ዕፅዋት የሰበሰበ ነው። ድንች ከሥሩ ፍሬ ለመቋጠር አጭር ቀንና ቀዝቃዛ ሌሊት ይወዳል፤ የደጋችን ቀንና ሌሊትም ለዚህ ይስማማዋል።

ሙቀት ጊዜን ስለ መወሰኑ

አንድ እህል ከበቀለበት ቀን አንሥቶ እስኪደርስ ድረስ በየቀኑ የሚያገኘው ሙቀት ተደምሮ ከተወሰነ መጠን መድረስ አለበት። ነገሩን ለማስረዳት ያህል፥ አንድ የገብስ ዓይነት 1,600 የሙቀት ድምር ይሻል እንበል። አማካዩ ሙቀት 20 ዲግሪ በሆነበት ቦታ በ80 ቀን ይደርሳል፤ 16 ዲግሪ በሆነበት በ100 ቀን፤ 10 ዲግሪ በሆነበት ግን 160 ቀን ይፈጅበታል። ዘሩ ያው ነው፤ ጊዜውን የለወጠው ከፍታው ነው። ገብስ በሰሜን ተራሮች ከ3,500 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ጭምር ሲታረስ ታይቶአል፤ በዚያ ከፍታ ግን ከዘር እስከ አጨዳ ያለው ጊዜ እጅግ ይረዝማል።

እህሎችም ሁሉ ለሙቀት አንድ አይደሉም። ገብስ፥ ስንዴ፥ ባቄላና አተር በቀዝቃዛ አየርና በመጠነኛ ብርሃን ደኅና ይሠራሉ። ጤፍ፥ ማሽላና በቆሎ ግን የካርቦኑን ጋዝ በሌላ መንገድ የሚሰበስቡ ስለ ሆኑ፥ ሥራቸው የሚሰምረው ሙቀቱና ብርሃኑ በበዛበት ነው። ማሽላ በሚያብብበት ጊዜ ሌሊቱ እጅግ የቀዘቀዘ እንደ ሆነ አበባው ይመክናል፤ አገዳው ለምልሞ ራሱ ባዶ ይሆናል። የቆላን ማሽላ ወደ ደጋ ማውጣት፥ የደጋንም ገብስ ወደ ቆላ ማውረድ ሁለቱም የሚያከስሩት ስለዚህ ነው።

ውርጭ

ለዳባትና ለደባርቅ ገበሬ ከሁሉ የሚያስፈራው ነገር ውርጭ ነው። ዝናሙ ካቆመ በኋላ፥ በጥቅምት፥ በኅዳርና በታኅሣሥ፥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ የሌለበት ሌሊት በመጣ ጊዜ ምድር በቀን የተቀበለችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ቢኖር እንደ ጋቢ ይሸፍናት ነበር፤ በጠራ ሌሊት ግን የሚመልሰው የለም። በማለዳም ሣሩ ላይ አመዳይ ይታያል።

ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይልቅ ከባድ ስለ ሆነ እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይፈስሳል። ስለዚህ በአንድ ቀበሌ ውስጥ እንኳ በጐድጓዳው ያለው እርሻ ሲቃጠል፥ ከእርሱ ጥቂት ሜትር ከፍ ብሎ በተዳፋቱ ላይ ያለው ይተርፋል። ይህን ያላወቀ ሰው ጐድጓዳው አፈሩ ጥልቅና ለም ስለ ሆነ ምርጡን ዘር በዚያ ይዘራል፤ በኋላም በአንድ ሌሊት ያጣዋል። ለእንዲህ ያለው ቦታ የሚሻለው ፈጥኖ የሚደርስ ዘር፥ ወይም ለከብት የሚሆን ሣር ነው።

እህልን ውርጭ አብዝቶ የሚጐዳው በአበባውና ፍሬው ወተት በሚቋጥርበት ጊዜ ነው። የበቀለ ቡቃያ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ የደረቀም ፍሬ አይጐዳም። እንግዲህ የመዝሪያው ቀን ስንት ዋጋ እንዳለው በዚህ ይታያል። በ130 ቀን የሚደርስ ገብስ በሰኔ 1 ቀን የተዘራ እንደ ሆነ በጥቅምት 6 ቀን ይደርሳል፤ ወተት የሚቋጥረውም ገና ደመናው ሳይለቅቅ ነው። ያው ገብስ በሰኔ 26 ቀን የተዘራ እንደ ሆነ ግን የሚደርሰው በኅዳር 1 ቀን ነው፤ ወተት የሚቋጥርበትም ጊዜ ወደ መስከረም መጨረሻና ወደ ጥቅምት፥ ማለት ሰማዩ ወደሚጠራበት ወራት ይገፋል። ዘርና ማዳበሪያ ከመጋዘን በሃያ አምስት ቀን ዘግይቶ የወጣ እንደ ሆነ፥ መዝገብ ላይ ታድሎአል ተብሎ ይጻፋል፤ በእርሻው ላይ ግን ውርጭ ሊወስደው የሚችል እህል ሆኖ ይቀራል።

ውርጭን ለመቋቋም ፈጣሪ ያስታጠቃቸው ተክሎች በዚያው አገር አሉ። በሰሜን ከፍተኛ ቦታ የሚበቅለው ጅብራ ማታ ማታ ቅጠሎቹን ወደ መካከል እየገጠመ ለጋውን ቡቃያ ይሸፍናል፤ ሲነጋም ይከፍታል። እህላችን ግን ይህ መሸፈኛ ስለሌለው ሊጠበቅ የሚችለው ቀኑንና ቦታውን በመምረጥ ብቻ ነው።

የተዳፋት አቅጣጫና የዛፍ ጥላ

በዳባት አገር ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በሚያዝያ 17 እና በነሐሴ 12 ቀን ገደማ፥ በቀትር ልክ በአናት ላይ ትሆናለች። በእነዚህ ቀኖች መካከል ባለው ክረምት በቀትር ጥቂት ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀረው ዓመት ሁሉ ወደ ደቡብ ናት። ስለዚህ በክረምት ወደ ሰሜን የሚያይ ተዳፋትና ወደ ደቡብ የሚያይ ተዳፋት በብርሃን እምብዛም አይለያዩም። በኅዳር መጀመሪያ ግን ቁልቁለቱ 20 ዲግሪ የሆነ ወደ ሰሜን የሚያይ እርሻ በቀትር የሚያገኘው ብርሃን ወደ ደቡብ ከሚያየው እርሻ ሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ ነው። እህሉ ለመድረቅ ይዘገያል፤ እርጥበቱም ይቆያል። ፈጥኖ የሚደርሰውን ዘር ወደ ሰሜን ለሚያየው ተዳፋት መመደብ የሚገባው ስለዚህ ነው።

ባሕር ዛፍ በ1890ዎቹ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ለማገዶና ለቤት ሥራ ያደረገው ጥቅም የሚካድ አይደለም። ነገር ግን በእርሻ ድንበር ላይ በመተከሉ በጎረቤታሞች መካከል ብዙ ክርክር ይነሣል፤ ዳኛም ሊፈርድ የሚችለው ነገሩን ለክቶ ባወቀ ጊዜ ነው። 10 ሜትር የሚረዝም ዛፍ በታኅሣሥ ቀትር ወደ ሰሜን 7 ሜትር ተኩል ያህል ጥላ ይጥላል፤ በሰኔ ቀትር ግን ጥላው ወደ ደቡብ 2 ሜትር እንኳ አይሞላም። ፀሐይ ከወጣች ሁለት ሰዓት ያህል ሲሆን ግን ጥላው ወደ ምዕራብ እስከ 19 ሜትር ይዘረጋል፤ ማታም እንዲሁ ወደ ምሥራቅ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ የዛፍ መስመር በክረምት በየቀኑ ጧትና ማታ በሁለቱም ወገን ያለውን እርሻ እንደሚጋርድ፥ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋው ግን ጥላውን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ መስመር ላይ እንደሚጥል ነው። ጥላው በዚህ ቢቀንስም የባሕር ዛፍ ሥር ውኃንና የአፈርን ኃይል ከጎን ስለሚስብ፥ ከሁሉ የሚሻለው ዛፉን ከእርሻ አርቆ በገደላማና በድንጋያማ ቦታ፥ ለእርሻ በማይሆን መሬት ላይ መትከል ነው።

ውኃና አፈር

የሰሜን ግርጌ ዝናም አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል። በነሐሴ ውኃ ይበዛል፥ በጥቅምት ይጠፋል። በዋልካ መሬት ውኃው ቆሞ ሲቀር ሥሩ የሚተነፍሰው አየር ያጣል፤ ቅጠሉም በብዙ ውኃ መካከል ሆኖ ቢጫ ይሆናል። መድኃኒቱ በጊዜው ፈሰስ ማውጣት ነው። በተዳፋት ላይ ደግሞ ውኃው አፈሩን ይዞ ይሄዳል። ሃንስ ሁርኒ የተባለው የስዊስ ሊቅ በ1970ዎቹ በሰሜን ተራሮች የአፈሩን መታጠብ መርምሮአል፤ ከዚያም ወዲህ በአገራችን ስለ እርከን ለተደረገው ጥናት ሥራው ታላቅ መሠረት ሆኖአል። ስስ አፈር በመስከረም የወረደውን ውኃ እስከ ጥቅምት አያቆይም፤ ስለዚህ ብርሃኑ በሚበዛበት፥ ፍሬው በሚሞላበት ወራት ተክሉ ይጠማል። እርከን የሚሠራው አፈሩን ለማስቀረት ብቻ ሳይሆን ለዚህም ጭምር ነው።

እርጥበትና ቅዝቃዜ አንድ ላይ ሲሆኑ የድንች ዋግ ይነሣል። ከ1845 ጀምሮ በአየርላንድ ያን ታላቅ ረኃብ ያመጣው ይኸው በሽታ ነው። አንድ ዓይነት ድንች ብቻ መትከል ስንት አደጋ እንዳለበት ከዚያ መማር ይቻላል።

የአገሩ ዘር ሀብት ስለ መሆኑ

ቫቪሎቭ የተባለው የሩሲያ ሊቅ በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር፥ ከዚያም ወደ አክሱም በቅሎ ጭኖ ሲያልፍ በገብሳችንና በስንዴያችን ልዩ ልዩነት እጅግ ተደነቀ። ከኢትዮጵያ ገብስ ውስጥ የተገኘ አንድ ባሕርይ ገብስን የሚያቀጭጨውን የቢጫ ድንክ በሽታ በካሊፎርኒያ ለመቋቋም ረድቶአል። በ1970 ደግሞ የስዊድን ሊቃውንት ላይሲን የተባለው ምግብ የበዛበትን ገብስ ያገኙት ከኢትዮጵያ በተሰበሰበ ዘር ውስጥ ነው። በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ማከማቻም ይህን ሀብት ለመጠበቅ ነው።

አንድ ባላገር ከአባቱ የወረሰው ገብስ የዚያን ተዳፋት ብርሃን፥ የዚያን ቀን ርዝመትና የዚያን ውርጭ ያየ ዘር ነው። አዲስ ዘር ሲመጣ አሮጌው ተበልቶ ያለቀ እንደ ሆነ፥ አዲሱ ባይስማማ መመለሻ የለም።

ከሹማምንትና ከባለ ይዞታዎች የሚጠበቅ ሥራ

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ በሥራ እንዲገለጥ የሚከተሉት ነገሮች ይፈጸሙ ዘንድ ያስፈልጋል።

1ኛ፤ በየወረዳው ያሉ ቀበሌዎች በከፍታቸው ተለይተው ይመዝገቡ፤ የመዝሪያም ቀን ለቆላው፥ ለወይና ደጋው፥ ለደጋውና ለውርጩ በየራሱ ይነገር። ለወረዳ ሁሉ አንድ ቀን አይወሰን።

2ኛ፤ ከሌላ አገር የመጣ ዘር ከየት እንደ መጣ፥ በስንት ሜትር ከፍታ እንደ ተመረተና በስንት ቀን እንደሚደርስ ሳይታወቅ አይታደል። በመጀመሪያው ዓመት በጥቂት እርሻ ላይ፥ ከአገሩ ዘር ጎን ተዘርቶ ይታይ።

3ኛ፤ ዘርና ማዳበሪያ ለከፍተኛው ቦታ አስቀድሞ ይውጣ። በዚያ እህሉ ብዙ ቀን ስለሚፈልግ መዘግየት የሚጐዳው እርሱን ነውና። ጊዜው ያለፈ እንደ ሆነ፥ ረዥም ቀን የሚፈልገውን ዘር ከማደል ፈጥኖ የሚደርሰውን መስጠት ይሻላል።

4ኛ፤ ውርጭ የሚተኛባቸው ጐድጓዳ ቦታዎች በሽማግሌዎች ቃል ተለይተው ይጻፉ። የትኛው ሜዳ ቀድሞ እንደሚቃጠል ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። በየዓመቱም ውርጭ የጀመረበት ቀን፥ እህሉ ያበበበትና የታጨደበት ቀን በመዝገብ ይያዝ፤ የአሥር ዓመት መዝገብ ያለው ወረዳ በግምት አይሠራም።

5ኛ፤ በእርሻ ድንበር ላይ ባሕር ዛፍ ከመተከሉ አስቀድሞ የመስመሩ አቅጣጫና ለጎረቤት ያለው ርቀት ይታይ። ክርክርም በተነሣ ጊዜ ዳኛው በጧትና በማታ ጥላውን በቦታው ሆኖ ያስለካ።

6ኛ፤ የሚበላ ድንች በጨለማ ቦታ ይቀመጥ፤ ብርሃን ያገኘ ድንች አረንጓዴ ሆኖ ይመርራል፥ ጤናም ይጐዳል። ለዘር የሚሆነው ግን ቀጥታ ፀሐይ በማይነካው፥ ነገር ግን ብርሃንና አየር በሚገባበት መደርደሪያ ላይ በስሱ ይዘርጋ፤ ቡቃያው አጭር፥ ወፍራምና ጠንካራ ይሆናል። በጨለማ የቆየ የዘር ድንች ግን ነጭና ረዥም ቡቃያ ያወጣና ሲተከል ይሰበራል።

7ኛ፤ እያንዳንዱ ባለ ይዞታ አዲስ ዘር ቢቀበልም የአገሩን ዘር ለአንድ ዓመት የሚበቃ ያህል ለይቶ ያስቀምጥ፤ ሹማምንትም ይህን ያበረታቱ እንጂ እንደ ኋላ ቀርነት አይቍጠሩት።

እነዚህ ነገሮች ብዙ ገንዘብ የሚያስወጡ አይደሉም። የሚፈልጉት በየቀበሌው ተዘዋውሮ ማየትን፥ ገበሬውን መጠየቅንና ያዩትን መጻፍን ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የደረሰው የወረዳ ሹም ሁሉ የሚመጣው ግንቦት ሳያልፍ የቀበሌዎቹን ከፍታና የዘሩን ዓይነት ጽፎ እንዲያዘጋጅ፥ በሰኔም ዘሩ በየቦታው ጊዜውን ጠብቆ እንዲደርስ እንዲያደርግ አደራ እንላለን።